ወይዘሮ ኤልስፔት ፔንጌሊ ከተኩስ መስመራችን ስለ መለየታቸው

ከዋላንዲ የሸክላ ዒላማ ተኳሾች ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ

የማኅበራችን የቀድሞ ሊቀ መንበርና አሠልጣኝ ወይዘሮ ኤልስፔት ፔንጌሊ ባደረባቸው የጣፊያ ካንሰር በአዴሌይድ ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኮሚቴው ይህን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በመሪር ሐዘን ነው።

ወይዘሮ ኤልስፔት እ.ኤ.አ. በ1986 ማኅበራችንን ሲቀላቀሉ የመጀመሪያዋ ሴት ተኳሽ ነበሩ። ከነባሮቹ አንዱ፣ «እህቴ፣ ሻይ የሚፈላው በወዲያኛው ቤት ነው» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው ሄደው ያፍሉልኝ፤ ተኩሼ እመጣለሁ» ብለው መስመሩ ላይ ቆሙ። በዚያን ቀን ወደ ሰማይ ከተወነጨፉት የሸክላ ዒላማዎች አንዲትም ሳትሰበር አላለፈቻቸውም። ሻዩም ፈልቶ ጠበቃቸው።

በ1994 የደቡብ አውስትራሊያ ሻምፒዮን ሆኑ።

ከ2003 ጀምሮ በሊቀ መንበርነት አገልግለዋል። በእነዚያ ዓመታት የደረሰው ድርቅ ገበሬውን አባሮ አጎራባች ማኅበራት ሲዘጉ፣ የእኛ ሜዳ ያልተዘጋው እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን እየከፈቱ፣ ማስወንጨፊያውን በገዛ እጃቸው እየጠገኑ፣ የመጣውን ሁሉ ስላሠለጠኑ ነው።

በ2019 ቀኝ ዓይናቸው ፈዘዘ። ሸክላዋ ታይታቸው ጠመንጃ እስኪያነሡ ድረስ ትርቃቸው ጀመር። እሳቸው ግን አላቆሙም፤ በግራ ትከሻ መተኮስን እንደ ጀማሪ ሀ ብለው ተማሩ። ለዚሁም በጣሊያን አገር፣ በብሬሻ ለሚገኝ ባለሙያ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በልካቸው እንዲሠራ አዘዙ። ሰደፉ ከዋልነት እንጨት፣ በክንዳቸው ርዝመትና በጉንጫቸው ቅርጽ የሚጠረብ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቸውም በትዕግሥት ጠበቁ።

ጠመንጃው ዘንድሮ በመጋቢት ሲደርስ ወይዘሮ ኤልስፔት ከአልጋ አይነሡም ነበር። ጠመንጃ ሆስፒታል ስለማይገባ፣ ባለቤታቸው አቶ ብሪን ሰደፉን ብቻ ፈትተው በፎጣ ጠቅልለው ወሰዱላቸው። ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ልክክ አለ እኮ ብሪን» አሉ። «ምን ያደርጋል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ተኩስ አላነሡም።

እሳቸውን የሚተካ አሠልጣኝ ፈልገን አላገኘንም። ከቀሩት አባላት የሚበዙት አረጋውያን ናቸው። የቅዳሜው ልምምድ ላልተወሰነ ጊዜ መቋረጡን ኮሚቴው በዚሁ አጋጣሚ ለመግለጽ ይገደዳል።

ለልጃቸው ለወይዘሮ ታምሲን፣ ለቤተሰቡና አብረዋቸው ለተኮሱ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለአቶ ብሪንም በቀብሩ ዕለት ይህንኑ ብለናቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «መጽናናቱስ ይቅር፤ ቅዳሜ ማን ይመጣል?» ሲሉ ጠየቁን።