መሬት ለኪዎቹ የሄዱ ዕለት

ግራንድ ሪቪዬር፣ ሄይቲ
ኦገስት 23 ቀን 1934

ለልጄ ለሜሪሊዩስ፣ ኩባ

እንደምን ከረምክልኝ ልጄ? ወገብህስ፣ የሸንኮራ አገዳ ቆረጣው እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። መምህር ኔሪስታን «እኔ ልጻፍልሽ» ብለውኝ ነበር፤ እምቢ አልኳቸው። ይሄን ደብዳቤ በራሴ እጅ መጻፍ ፈለግኩ። ፊደሌ ቢጣመም ታገሠኝ።

ሄዱ ልጄ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡብን የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ ወር ጓዛቸውን ጠቅልለው መርከብ ገቡ። የኛ ባንዲራ በጦር ሰፈራቸው ላይ ሲሰቀል ለማየት ከተማ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጨፈርኩ። አባትህ ባየ አልኩ።

እሱን በገመድ አስረው ላይመለስ ለመንገድ ሥራ ሲነዱት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርክ። «ለምንድን ነው የመጡብን?» እያልክ ትጠይቀኝ ነበር። ቄሱ ጀርመኖችን ለመቅደም ነው ይላሉ። መኮንኖቹ እርስ በርስ እንዳትተላለቁ ብለን ነው ይሉ ነበር። መምህር ኔሪስታን ደግሞ ሊመጡ ዓመት ሲቀራቸው የባንካችንን ወርቅ በመርከብ መጫናቸውን፣ ኋላም የውጭ ሰው መሬት እንዲገዛ ሕጋችንን ማስለወጣቸውን ያነሳሉ። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከማሳችን ላይ ነው።

አንተ በሄድክ በሁለተኛው ዓመት አንድ መቶ አለቃ ቃጫ የሚተክል ኩባንያ መሐንዲስ አስከትሎ መጣ። አስተርጓሚው «ሽፍታ እየፈለጉ ነው» አለኝ። መሐንዲሱ ግን የመለኪያ ሰንሰለቱን ከምንጩ እስከ ማንጎው ዛፍ ዘረጋ።

«ሽፍታ የሚፈልግ ሰው መሬት ይለካል እንዴ?» አልኩት።

አስተርጓሚው ሳቀብኝ። «እማማ ሴዳኒዝ፣ ይሄ አፍሽ ያሳስርሻል።»

እውነቱን ነው። መሬቱን ለኩባንያው ለቅቄአለሁ ብለሽ ፈርሚ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ዐሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። የመንደሩ ሴቶች ግን እስክፈታ ድረስ እየተፈራረቁ ማሳው ላይ ተቀመጡልኝ፤ መሐንዲሱ የተከለውንም ችካል ነቅለው ሙዝ ቀቀሉበት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ባለፈው ማርች የኩባንያው ጠበቃ አንድ ወረቀት አወጣ። «ልጇ ኩባ ሳይሄድ ከአባቱ የወረሰውን ድርሻ ሸጦልናል፣ ይኸው የአውራ ጣቱ አሻራ» አለ። ዳኛው ወረቀቱን ሰጡኝ። አሻራውን ለሁለት የከፈለ ነጭ መስመር አለበት፤ ልክ በልጅነትህ ቆንጨራ የቆረጠህ ቦታ ላይ።

«የልጅሽ ነው?» አሉኝ ዳኛው።

«የልጄን እጅ እያጠብኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ጌታዬ። ይሄ የሱ አይደለም።»

ጠበቃው ተቆጣ። ዳኛው «እንግዲያው ሰውየውን ከኩባ አምጣና እናስተያየው» አሉት። ከየት ያመጣዋል? ፍርዱ ለኛ ሆነ። ኩባንያውም ወታደሮቹ ሳይሄዱ ቀድሞ ከሸለቆው ወጣ።

ከምንጩ በታች ስኳር ድንች ተክያለሁ። ከምንጩ በላይ ያለው ያንተ ነው፤ ለቤት ይበቃል። ስትመጣ ስለዚያ ወረቀት ማንም የሚጠይቅህ ነገር የለም። እኔም የምጠይቅህ የለኝም።

ባሕሩ ይለዝብልህ፣ መንገዱ ይቅናህ። የአባትህ አጥንት በሠራው መንገድ አንተ ነፃ ሰው ሆነህ ተራመድበት።

እናትህ ሴዳኒዝ