ሐጎሴ፣ ቴሌቪዥኑን ገለጥኩት

ውድ ሐጎሴ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ መመለስ ብትችል ኖሮ እስካሁን ስለ ዓለም ሁኔታ አስር ገጽ ጽፈህልኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ሞላህ። ጸበል ጸዲቅህን እንደ አቅሜ አወጣሁ፤ ወንድሞቼም ከደብረ ብርሃን እዚህ መቐለ ድረስ መጥተውልሃል።

አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለኝ። የለቅሶው ዕለት ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈንኩት፤ ደንብ ነው። አርባህ ወጣ፣ ሰማንያህ ወጣ፣ እኔ ግን አላነሣሁትም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላውን ባየች ቁጥር እንባዋ ይቀድማታል፤ ኣጆኺ፣ አይዞሽ እያለች ትከሻዬን ትደባብሳለች። ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ሐዘን አላየንም ይላል አሉ። እውነቱን አንተ ብቻ እወቀው፦ ዐረፍኩ። የደም ግፊቴ ወርዶ ሐኪሙ ምን ተጠቅመሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዜና ትቼ ነው ማለት አሳፍሮኝ ነጭ ሽንኩርት ነው አልኩት።

ትፈርድብኛለህ? እኛ ቤት እኮ ዜና ተሰምቶ ብቻ አይቀርም ነበር። ባሕር ማዶ ጎርፍ ሲባል ጣራችን ላይ ትወጣለህ፣ ያውም በበጋ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል የቡፌውን ብርጭቆ በሙሉ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ታወርዳለህ። የወፍ ጉንፋን የተባለ ጊዜማ ዶሮአችንን ሁለት ሳምንት ካርቶን ውስጥ ዘግተህ ጥሬውን በረጅም ጭልፋ ነበር የምታቀርብላት። ፕሬዚዳንቶቹን እንደ ሰፈር ልጅ በስማቸው እየጠራህ ስትቆጣ፣ እኔ ማጀት ገብቼ የተለቀመ ምስር ደግሜ እለቅማለሁ።

እሑድ ጥቁሬን ሳወልቅ ምንም አልሆንኩም። ነጠላው ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዓመቱን ሙሉ የሸሸሁት ዜናውን ሳይሆን ያለ አንተ ማየቱን ነው።

የጦርነቱ ጊዜ ትዝ አለኝ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፤ ዓለም ስለ እኛ ሲያወራ እኛ ብቻ አንሰማም። አንተ ግን ልክ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮትህን ለብሰህ፣ ሻማ ለኩሰህ፣ ከጠፋው ቴሌቪዥን አጠገብ ትቀመጥና ዜና ታነብልኛለህ። ዋናው ዜና ዶሮዋ ናት፤ እንቁላል ጥላለች ወይስ አልጣለችም። ከዚያ የለተብርሃን ጉልበት፣ ከዚያ የጓሮው ጎመን። ስፖርቱ እኔና አንተ ጀሪካን ተሸክመን የሮጥነው ነው። ሻማው እንዳያልቅ ዜናውን ታሳጥረውና፣ በመጨረሻ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ሁላችንም አለን ብለህ ሻማውን እፍ ትላለህ። ያቺን ቃል ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ትናንት ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላውን ገለጥኩት። ዓለም እንደተውካት ናት፤ እንዲያውም ብሶባታል። አንድ አገር ጎርፍ ገብቷል ሲሉ ሳላስበው ወደ ጣራው ቀና አልኩ። ብቻዬን ሳቄ መጣ። ድምፁን አጠፋሁና ኮትህን ደርቤ ለወንበርህ ዜና አነበብኩለት። ዶሮዋ አርጅታ እንቁላል አቁማለች፤ ግን የሚያርዳት ልብ የለኝም። የለተብርሃን ጉልበት እንደ ወትሮው ነው። ጎመኑ ደርሷል። ብርጭቆዎቹ አሁንም ታች ናቸው፤ ወገቤን ቢያመኝም አላወጣኋቸውም።

መጨረሻው ላይ እንደ አንተ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያቺን መዝጊያህንም አልኳት፣ አንተንም ቆጥሬ። እስካለሁ ድረስ ሁለት ሰዓት በመጣ ቁጥር እንዲሁ እልልሃለሁ።

ሐጎሴ፣ ሁላችንም አለን።

ባለቤትህ አልማዝ