ኮሚቴውን የምትጠብቀው ላንድሮቨር

ለተከበሩ ጓድ አብተው፣
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ጉዳት አጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ናዝሬት

(በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው)

አብዮታዊ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እኔ ከመልካሳ ወዲያ፣ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከግራር ጋር የተላተመችውን የመንግሥት ላንድሮቨር እየጠበቅሁ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

በሬዎች ድንገት መንገድ ገብተውብኝ አደጋው በደረሰ ማግስት፣ ኮሚቴው ጉዳቱን አይቶ የጥገናውን ወጪ እስኪገምት ድረስ ከንብረቱ እንዳልለይ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ታምኜ አላውቅም። ሆኖም ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኮሚቴው ለምርመራ የሚንቀሳቀሰው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ብቻ እንዲሆን መመሪያው ያዛል፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደግሞ ይህችው አንዲት ላንድሮቨር ናት። እሷ ሳትጠገን ኮሚቴው አይመጣም፤ ኮሚቴው ሳይመጣ እሷ አትጠገንም። ለመንግሥት ንብረት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ስላገኘን ዕድለኞች ነን።

ሁለተኛ፤ የመልካሳው ባለጋሪ ኑሬ ኮሚቴውን በነፃ ላምጣ ብሎ ቢሮዎ ድረስ ቢመጣ፣ ጋሪ ለኮሚቴው ክብር እንደማይመጥን ነግረው መልሰውታል። አሁን ውኃ ሲያደርስልኝ በኦሮምኛ ደህንነቴን ይጠይቀኛል፤ ከእሱ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው የለም።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ባለቤቴ ወይዘሮ ተሻለች ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አርባው ሞልቶ ክርስትና የተነሣ ዕለት እኔ እዚሁ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለመኪናዋ መሪ ነገርኩት። ልጄ ማንን እንደሚመስል እስካሁን አላውቅም። ብቸኝነቱ በልቶኛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ጥዬ ብሄድ በአሻጥር ተከስሼ እንደምታሰር ስላስጠነቀቁኝ ተተኪ እንዲልኩልኝ ደጋግሜ ለመንኩ፤ እርስዎም ተተኪውን የሚያደርስ መኪና እንደሌለ በአክብሮት መለሱልኝ። መልስ ስላልነፈጉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከግራሩ ሥር ሆኖ ትእዛዝዎን ሲያከብር የከረመው፣
ንዋይ ሆራ
የመኪናዋ ሾፌር፣ ዘበኛና ብቸኛ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ እሑድ እሑድ በወዳጅዎ መኪና ቤተሰብዎን ይዘው ለፍል ውኃ ወደ ሶደሬ ሲያልፉ፣ ፍጥነትዎን ሳይቀንሱም ቢሆን እጅዎን ስለሚያውለበልቡልኝ አመሰግናለሁ። በዚህ እሑድ ግን የሚያውለበልቡለት ሰው ቢያጡ ቅር አይበልዎት፤ ቁልፉን በኑሬ ልኬልዎት፣ ልጄን ልስም በእግሬ ተነሥቻለሁ።