የድሬሰሩ አጎታችን የሕይወት ታሪክ፣ ከነጀርባ ገጹ

አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው መስከረም 20 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው በወሊድ ስላረፉ ያሳደጓቸው ገና የአሥር ዓመት ልጅ የነበሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ አዝለው፣ ከአፋቸው ነጥቀው እያጎረሱ።

በ1962 ዓ.ም. የድሬሰርነት ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው ወታደር ቤት ገቡ። ቁስል ሲያጥቡ በሽተኛ አይጮህም ይባልላቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በጦር ፍርድ ቤት ምስክር ሆነው ቀረቡ። ተከሳሹ የሃያ ዓመት ወታደር፣ የዚያችው የታላቅ እህታቸው የበኩር ልጅ ነበር። ከግንባር ለማምለጥ ሲል የገዛ ግራ እጁን በጥይት መትቷል ተብሎ ነው የተከሰሰው። ዳኛው ሻለቃ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ጥቁረት ምን እንደሆነ ጠየቁ። አጎታችን «ባሩድ ነው፤ ከቅርብ ሲተኮስ የሚቀር» አሉ። ችሎቱ ከድንኳኑ ውጪ የተጣደው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ልጁ ሚያዝያ 15 በጓዶቹ ጥይት ተረሸነ። አጎታችን በዚያው ወር የአሥር አለቃነት ማዕረግ አገኙ፤ ደስ ይበላቸው!

እህታቸው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኗቸው። የለመኑት አንዲት ወረቀት ነበር፤ ልጃቸው ፈሪ ተብሎ ከተጻፈበት መዝገብ ስሙ እንዲጸዳ። አጎታችን ግን «እትዬ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ በቃ» እያሉ በትሕትና እስከ በር ይሸኟቸው ነበር። እህታቸው በ2006 ዓ.ም. እንደለመኑ ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሱት አጎታችን ናቸው። አይ እንባ!

አጎታችን በጉበት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ጥቅምት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ለዚህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ሲፈለግ ከጡረታ ደብተራቸው ውስጥ ለሻለቃው የተጻፈ፣ ያልተላከ ወረቀት ተገኘ። በእጃቸው ጽፈው ፈርመውበታል። ጥቁረቱ እኔው በቆሰለበት ቀን ቁስሉ ላይ የቀባሁት መድኃኒት ነው፣ ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ንጹሕ ነው ይላል። የተጻፈው ሚያዝያ 13 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ልጁ ሊረሸን ገና ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ባለቤታቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ባለቤታቸው ይህ ነገር እንዳይነበብ ለምነው ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀችው የእህታቸው ልጅ፣ የተረሸነው ወታደር ታናሽ እህት፣ እሺ አላለችም። ወረቀቱ በዚህ ገጽ ጀርባ ታትሟል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእህታቸው አጠገብ ያሳርፍልን። እህታቸው እንደሆኑ ዛሬም ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል።