ድልድዩ ላይ የቀረችው ሻምበል

መምህር፣

ጠረጴዛውን እስከ ቀትር አትንካው። ትናንት በጨዋታው መሃል መሬት ካፈሰስኳቸው ትንንሽ አሻንጉሊት ወታደሮችህ የተሰበሩትን ዘጠኙን አጣብቄያቸዋለሁ፤ ገና አልደረቁም። የአንዱን ጠመንጃ ግን ፈልጌ አጣሁት። ቤቱን ሳትጠርግ ሶፋው ሥር እይልኝ።

ቧንቧው ስለሚያፈስ ዋናውን ዘግቼዋለሁ።

ሻለቃ ጦር እንዴት እንደሚመራ አስተምረኝ ብለህ የነዘነዝከኝ አንተ ነህ፣ ያስተማርኩህም እኔ። ትናንት አንዷን ሻምበል ጦር ድልድዩ ላይ ትተህ ሌሎቹን ስታወጣ፣ "እሷ ትጥፋ፣ ሻለቃው ይትረፍ" አልክ። ልክ ነበርክ። ጠረጴዛውን የገለበጥኩት ተሳስተህ አይደለም።

ጦር ሜዳ ላይ የእኛም አዛዥ እንዲሁ አደረገ። የሻለቃው ሬድዮ እኔ እጅ ነበር። ድልድዩ ላይ ሬድዮ የያዘው ልጅ "ረዳት ጦር መቼ ይደርሳል?" ሲለኝ፣ "መንገድ ላይ ነው፣ በርቱ" አልኩት። የሚመጣ እንደሌለ አውቅ ነበር። በረቱ፤ አንድም ሰው አልተመለሰም።

የዚያ ልጅ እናት በጠና ታመዋል። በሄድኩ ቁጥር "ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለህ?" ይሉኛል። እኔም "እናቴን ሳምልኝ አለኝ" እላቸዋለሁ።

ዛሬ እውነቱን ልነግራቸው ሄጃለሁ።

ለራት አትጠብቀኝ።