ስሜን ከመርዶው ላይ ያንሱልኝ

ውድ ጋሼ ሰብስቤ፣

«አንዲት ወጣት ባልደረባችን በችኮላ የሠራችው ስህተት ነው» ሲሉ ድምፅዎን ይቆጣጠር የነበረው እጅ የእኔ ነበር። እርስዎ ጥቁር ኮትዎን ለብሰው ካሜራው ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስርጭቱን እመራለሁ። ላይቭ ነን። ስሜን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለገዎትም፤ ከዜናው ሥር «ዘጋቢ፦ ሔርሞን» ተብሎ ተጽፎ እዚህ ኮሎምበስ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ አይቶታል። ቀጥለው «ልጆቻችን ናቸው፤ ይማራሉ» አሉ። ድምፅዎ ተሰብሮ ዝቅ ሲል ጣቴ እኔን ሳያስፈቅድ ከፍ አደረገው። እኔን የምታጠፋዋን ቃል፣ አንድ ፊደል ሳትደበዝዝ፣ ለሕዝብ ያደረስኳት እኔው ነኝ።

እስከ ዛሬ የሚደንቀኝን ልንገርዎት፦ ለአፍታ አመንኩዎት። ዜናውን የለቀቀው ጣት የማን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁ ሰው፣ ድምፅዎን ስሰማ «ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?» ብዬ በራሴ አዘንኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነው የተሰጠዎት። ሳስበው ይገርመኛል፤ ያስፈራኛልም።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። ለወጣቶች የዲጂታል ሚዲያ ሥልጠና ሊከፍቱ ነው፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ኤዲቲንጉን፣ ላይቩን የማስተምረው እኔ እንድሆን ይፈልጋሉ። «ያለፈው አልፏል፤ አንቺን የሚያህል ባለሙያ የለኝም፣ ልጄ» ብለዋል። መልሴ ይኼ ደብዳቤ ነው። በድምፅ ያልመለስኩት፣ በድምፅ እርስዎን ማን ይችላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልዎታል? ፍራንክሊንተን ሰፈር፣ ከተዘጋው ጎማ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል። ከከተማው ወንዝ የወሰዱትን «ሳዮቶ ማዶ» የሚለውን የቻናሉን ስም በሩ ላይ በእጅዎ ጽፈውታል። እኔ ኮሙኒኬሽን ተምሬ የወጣሁ አዲስ ተመራቂ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«ደግመሽ ስሚ።» ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ማይኩን ከፈቱት።

ፍሪጁ ያንጎራጉራል። በሩቅ ባቡር ያልፋል። ጣሪያው በብርዱ ይንጣጣል። የእርስዎ ትንፋሽ አለ፤ የእኔ ትንፋሽ አለ። «ይኼ የክፍሉ ዝምታ ነው» አሉኝ። «የአንዱ ቤት ዝምታ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ሰው ቀድተሽ ስትጨርሺ ቤቱን ብቻውን ቅጂው። በኋላ ቃል ስትቆርጪ ክፍተቱን የምትሞይው በሱ ነው።» ከዚያ ቀን በኋላ የገባሁበትን ክፍል ሁሉ ሳላዳምጥ ተቀምጬ አላውቅም። ባንክ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የጥርስ ሐኪም ጋ። ዓለም በአንድ ጊዜ ሰፋችብኝ።

እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። ላይቩን ዘረጋሁ። መስማት ለተሳናቸው ከሥር ጽሑፍ አስገባሁ። አንድ ፎቶ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተነሳ ማጣራትን አሳየሁዎት፤ እርስዎ እንደ ሕፃን ልጅ «ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ» እያሉ ያዩ ነበር። ጠዋት ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄዎ አንድ ነው፦

«ይኼ አልጎሪዝም የሚባለው ሰውዬ ዛሬ እንዴት አደረ?»

«ጋሼ፣ ሰው አይደለም እኮ!»

«ሰው ካልሆነ ለምን ያኮርፋል?»

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማልረሳው ነገር አየሁ። ከግሮቭፖርት መጋዘን የወጣ ሰው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዳምጠናል። እናቱ ደሴ ሆና በዚያው ቅጽበት ታዳምጠናለች። «እማ፣ በላሽ?» ብሎ ከሥር ይጽፋል፤ «በላሁ፣ አንተስ?» ትለዋለች፤ እኛ ስለ ኪራይ ውል ማውራታችንን አላቆምንም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ አያቸው ነበር። ሙያዬ ይኼ ነው? አልኩ። ይኼን ያህል ነገር በእጄ ሰጡኝ?

አብርሃም የሞተ ቀን እህቱ ማራኪ ደወለችልኝ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ መሆኗን ያውቃሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ነው መኪናው የተገለበጠው።

«ሔርሙ፣ ስሚኝ። አብርሽ የለም።» ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ፤ ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም። «እማዬ ገና አልሰማችም። ግሮቭ ሲቲ ሺፍት ላይ ናት። ጋሼ ያደታና የዕድሩ ሰዎች ሄደው ፒክ ያደርጓታል። ቤት ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው የሚነገራት። ፕሊስ፣ ፖስት እንዳታደርጉ።»

«ቃሌ ነው» አልኳት።

ለእርስዎ ነገርኩዎት። እንዲያውም ተቆጡኝ። «ሰው አይደለንም እንዴ? መርዶ እኮ ነው! ይኼ ይነገረኛል?» አሉኝና ምሳ ሊበሉ ወጡ።

ሲመለሱ በእነማራኪ ቤት በኩል አለፉ። የዕድሩ ወንበር ከመኪና ሲወርድ አዩ። በእኛ ወግ ወንበር ወርዶ ከተደረደረ መርዶው ተነግሯል ማለት ነው፤ ለቅሶ ገብቷል። እዚህ አገር ግን ወንበር የሚያወርደው ሰውም ሺፍት አለበት። የዕድሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚገቡ ቀድመው ደርድረው ሊሄዱ ነበር። እናቱ ያልሰሙት ለቅሶ፣ ባዶ ወንበር ግቢ ሙሉ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል።

እኔ ትራይፖዱን ከመኪና ላወጣ ወርጄ ነበር። ስገባ የእኔ ወንበር ላይ፣ የእኔ ኮምፒውተር ፊት፣ በእኔ አካውንት ተቀምጠዋል። ሳይዞሩ «ቀደምናቸው» አሉኝ። ተፎካካሪያችንን፣ የዋሽንግተኑን ቻናል ማለትዎ ነበር። አብርሃም ስክሪኑ ላይ ይስቃል። ከሥሩ ስሜ አለ።

«ጋሼ፣ እናቱ አልሰሙም!»

«ወንበር ወርዷል እኮ! በዓይኔ አይቼ!»

«ቀድሞ ነው የወረደው! ያጥፉት!»

አጠፉት። ግን ሰዉ ፎቶውን ከስክሪኑ እያነሳ መቀባበል ጀምሮ ነበር። እነጋሼ ያደታ ግሮቭ ሲቲ ሳይደርሱ ዜናው ጅዳ ደርሶ ተመለሰ። የአብርሃም እናት እትዬ እናናዬ ለምሳ ዕረፍት ስልካቸውን ከሎከራቸው ሲያወጡ የአክስታቸው ልጅ ከጅዳ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ ጽፋላቸዋለች። ምን እንደመለሱላት ማራኪ አሳየችኝ። አንድ ቃል ነው፦ «በማን?»

ያቺን ቃል አንብቤ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ባሕር የሚሻገር ኃይል በእጃችን እንደነበር አውቅ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጋሼ፣ ወንበሩን ይቅር ብያለሁ። ማንም የሚሳሳተው ስህተት ነው፤ እኔም ወንበሩን ባይ ያው ይመስለኝ ነበር። ያንን ቀን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቀሱትንም አይቻለሁ። ይቅር ያላልኩት የማግስቱን ነው። ኮት ለብሰው፣ መብራት አስተካክለው፣ ቃል መርጠው ያደረጉትን። ያ ስህተት አልነበረም፤ ሥራ ነበር። በጣም ጥሩ ሥራ።

በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እናቴ «አትሂጂ፣ ይተፉብሻል» ብላኛለች። ከበሩ ስገባ ከኋላዬ አንዷ «የስልክ መርዶ ነጋሪዋ መጣች» አለች። ሌላዋ «ዝም በይ፣ ትቀዳሽና አሁኑኑ ትለቅሻለች» አለቻት። ሰማሁ፤ አላጎነበስኩም። ሄጄ እትዬ እናናዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እትዬ። ለማራኪ ቃል ሰጥቼ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ማን ነው ብለው አልጠየቁኝም። የልጃቸው አፈር ሳይደርቅ እንዲህ ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ስምሽን ለምን ተውሽላቸው?»

ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ቤት፣ ከማንም በላይ የተጎዱት እሳቸው፣ ስለ እኔ ስም ተጨነቁ። እንዲህ ያለ ልብ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም።

በማግስቱ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛዎ ላይ ትቼ ወጣሁ። አልደወሉልኝም። አሁን ግሮቭፖርት ዕቃ ስካን አደርጋለሁ። በዕረፍት ቀኔ የራሴን ዝግጅት ልጀምር ብዬ ለሰዎች ደውዬ ነበር። ድሮ «ነይ፣ ቤትሽ ነው» ይሉኝ የነበሩ እናቶች «የኔ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጉብኛል። እሑድ ቀን! ካሜራ ይገዛል፤ ኤዲቲንግ ይጠናል። ስሜ ሲጠራ የሚከፈት በር ግን ሱቅ የለም። የወሰዱብኝ እሱን ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ማራኪ ደወለችልኝ። «እማዬ ትፈልግሻለች። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።»

ሄድኩ። እትዬ እናናዬ ስለ ልጃቸው አንድ ጊዜ መናገር፣ ከዚያ ቃላቸውን ማኖር ፈለጉ። መብራቱን በመስኮቱ በኩል አደረግኩት፤ ማይኩን ነጠላቸው ላይ አሰርኩት፤ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። «አብርሃም…» አሉና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። አላቋረጥኳቸውም። ማሞቂያው ሲነፍስ ይሰማኛል። ደጅ የተማሪ አውቶቡስ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ልጆች ወረዱ፣ ሄደ። የጋብቻ ቀለበታቸው የወንበሩን እንጨት ቀስ ብሎ ይመታል፤ ቀጥ ይላል፤ እንደገና ይመታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ዲቪ ደርሶት፣ እናቱን አምጥቶ፣ ሲሞት ሰማሁ። እምልልዎታለሁ፣ ሰማሁ። በመጨረሻ ቀና ብለው «በቃ፤ ተናግሬያለሁ» አሉኝ።

ቀረጻውን በፍላሽ አድርጌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። እኔ ጋ ቅጂ የለም። ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ማንም አላየውም፣ አያየውምም። በዚያ ክፍል ውስጥ መስማት የቻልኩት እርስዎ ስላስተማሩኝ ነው። ይኼን አልክድም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ያደረጉልኝ ቀን የሰጡኝን ማንም አልሰጠኝም። የሚያመኝም ለዚህ ነው፦ ያን የመሰለ ጆሮ ያለው ሰው የእኔን መሰበር ሳይሰማ ቀረ ማለት አልችልም። ሰምተዋል።

አሁን ወደ ሥልጠናው። የዘረዘሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አስተምረዋለሁ። ግን ካሜራ ከመያዛቸው በፊት ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው ቁልፉ ላይ ጣት አሳርፎ መቆየትን ነው። ስልክ ደውሎ «እናቱ ሰምተዋል?» ማለትን። ሲሳሳቱ ደግሞ በገዛ ስማቸው «እኔ ነኝ» ማለትን። ይኼን የመጨረሻውን እኔ ላስተምር አልችልም፤ የእርስዎ ክፍል ነው። እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ላይቭ ይውጡ፤ በዚያ ድምፅዎ «ዜናውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ሔርሞን ከልክላኝ ነበር» ይበሉ። ከፈለጉ መጥቼ ከመስታወቱ ወዲህ እቀመጥልዎታለሁ። ግን ያን ቀን ድምፅዎ ቢሰበር ከፍ አላደርገውም፤ እንደሆነ ይውጣ።

ያ እስኪሆን አልመጣም። ከእንግዲህ ባልነካሁት ቁልፍ ሥር ስሜ ሲጻፍ አልቀበልም። የትልቅ ሰው ጥፋት «ልጆቻችን ናቸው» ተብሎ ትከሻዬ ላይ ሲጫን አልቀበልም። «ያለፈው አልፏል» የሚለውን ደግሞ ከእርስዎ አፍ አልቀበልም፣ ጋሼ። አልፏል የምለው እኔ ነኝ። ገና አላልኩም።

አክባሪዎ፣ ያስተማሩኝንም ያደረጉብኝንም ያልረሳሁ፣
ሔርሞን
ኮሎምበስ