ፓኔሉ ለልጄ፣ ባትሪው ለጎረቤቴ

እኔ ወይዘሮ ሸዋገነት ዓብዩ፣ በድሬ ዳዋ የለገሃሬ ነዋሪ፣ ዛሬ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፋለሁ። ምስክሮቹን ከሳቢያን ሰፈር ያስመጣሁት ከእኔ ጣሪያ ሽቦ የሳበ ሰው ለራሱ እንዳይመሰክር ነው።

ቤቴንና በጣሪያው ላይ ያሉትን የፀሐይ ፓኔሎች ለአንድ ልጄ ለይሳቅ ሰጥቻለሁ። አይቸኩል፣ ገና አልጨረስኩም። ባትሪውን፣ ድሮም በሱቁ መጋዘን የተቀመጠ ነውና፣ ለጎረቤቴ ለባለሱቁ ለዲሪዬ ሰጥቻለሁ። ፓኔሉ ቀን የለቀመውን ባትሪው ያጠራቅማል፤ መብራት ሲጠፋ ለሰባት ቤት ይታደላል። አንዱ ያለ ሌላው ለምሽት አይረባም። ይሳቅ ስሞት ፓኔሉን አውርዶ ሊሸጥ ማሰቡን፣ ዲሪዬም ወደ ሱቁ ጣሪያ ሊያዛውረው መቋመጡን የማላውቅ መስሏቸዋል።

ሁለቱ የተኳረፉት በዘንድሮው ዓረፋ ዋዜማ ነው። በደንባችን፣ በባትሪ ጊዜ ካውያ መሰካት ክልክል ነው። ልጄ ሸሚዙን ልተኩስ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አጨለመ፤ ዲሪዬ ለበዓሉ ያዘጋጀው በረዶ ቀለጠ።

«አቦ፣ ይሄ ልጅሽ ለአንድ ሸሚዝ ሰፈር ይሸጣል!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ስለዚህ በመብራት ማከፋፈያው ሳጥን ላይ ሁለት ጓጉንቸር አስገጥሜያለሁ። አንዱ ቁልፍ ለይሳቅ፣ ሌላው ለዲሪዬ ነው። ማታ ማታ አብረው ቆመው ካልከፈቱ ያለ ቬንትሌተር ይቀቀላሉ። የጎረቤታችን የሃምዳ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ግን መስመሩ ከሳጥኑ ውጭ ነው፤ ለተንኮሌ የሰው ነፍስ አላሲዝም። ፓኔሉን ያወረደ ወይም ባትሪውን ያነሳ ድርሻው ለቀሩት ጎረቤቶች ይለፍ።

ይሳቅ ልጄ፣ የምሰጋው ለመብራቱ ብቻ አይደለም። እኔ ስሄድ ብቻህን ትቀራለህ፤ ያኮረፍከውም ሰው ብዙ ነው። ዲሪዬ ጯሂ ነው፤ ነገር ግን ከታመምኩ ወዲህ «ዛሬ ምን በላሽ?» ሳይለኝ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። አንተንም የሚጠይቅህ ሰው እንዲኖር ፈልጌ ነው። እወድሃለሁ። ካውያውን ግን ዋሂል ገጠር ላለችው እህቴ ሰጥቻለሁ፤ እዚያ ድረስ ሄደህ ተኩስ።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ቃሉ ተነቦ እንዳለቀ መብራት ጠፋ። ተናዛዧ «እስክሞት ለምን ይጠበቃል? አሁን ይሞከር» ብለው ኑዛዜውን ያልሰሙትን ሁለቱን ወራሾች አስጠሩ፤ ቁልፎቹንም ሰጧቸው። በሳጥኑ ላይ ሁለቱ ጓጉንቸሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። በኋላ «አንተ፣ ራት በላህ?» የሚል ተሰማ።

«ገና ነኝ፣ ጋሽ ዲሪዬ።»

ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ። ከዚህ በታች ያሉት ፊርማዎች የተፈረሙት በዚያ መብራት ነው።

ተናዛዥ፦ ሸዋገነት ዓብዩ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሱሌማን ተማም፣ ዓኒሳ ወርሳሜ፣ ሃሌሉያ በዛብህ፣ ዒልሚ መሃድ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ኑሀሚን (ፊርማ)